ከጀርባ ረድፍ ወደ ካሜራው ጀርባ፦ ስለ ቤቲ ቶማስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቲ ቶማስን በስም ባታውቋትም ሥራዋን ሳታዩ አልቀራችሁም። ኤዲ መርፊ ከውሻ ጋር ሲጨቃጨቅ አይታችሁ ከሳቃችሁ፣ ያንን ያዘጋጀችው እሷ ናት። እኔ ግን የምወድላት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ለሰባት የቴሌቪዥን ወቅቶች (ሲዝኖች) የፖሊስ ዩኒፎርም ለብሳ ከብዙ ተዋናዮች መካከል አንዷ ሆና ኖረች። ከዚያ ካሜራው ጀርባ ሄደች፤ ዋና ሥራዋም እዚያው ሆነ። ስለ እሷ ሳወራ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱትን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዕድሜዋን ካየን አንቱታ ይገባት ነበር፤ ለፈረንጅ አርቲስት አንቱ ማለት ግን አፌ ላይ አልመጣልኝም።

ቤቲ ቶማስ ማን ናት?

በ1947 ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ የተወለደች አሜሪካዊት ተዋናይትና ዳይሬክተር ናት። በትወና የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት ኤሚን አግኝታለች። በዳይሬክተርነትም ኤሚ አግኝታለች። ሁለቱንም በየፊናቸው የያዘ ሰው ብዙ አይገኝም።

«ካራክተር አክተር» ማለት ረዳት ተዋናይ ማለት ነው?

ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ረዳት ተዋናይ ስንል ሰውዬው በታሪኩ ውስጥ ያለውን ቦታ ነው የምንናገረው፤ መሪ አይደለም ማለታችን ነው። ካራክተር አክተር ግን የተዋናይ ዓይነት ነው። መልኩ ወይም ቁመናው ለፍቅረኛነት ወይም ለጀግንነት የማይታጭ፣ ግን ገና ብቅ ሲል «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» የምትሉት። ጎረቤት፣ ሐኪም፣ ዳኛ፣ ነገረኛ አለቃ ሆኖ ይመጣል። ስሙን አታውቁትም። ፊቱን ግን አትረሱትም።

ቤቲ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ነው። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለች ሴት የፍቅር ታሪክ መሪ ትሆናለች ብሎ የሚያስብ ፕሮዲውሰር ማግኘት ከባድ ነበር። አብዛኛው ወንድ ተዋናይ አጠገቧ ሲቆም ያጥራል። እናም ለእሷ የቀረላት ይሄኛው በር ነበር።

ትወና እንዴት ጀመረች?

በአስተናጋጅነት። ቀልዴን አይደለም።

ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተምራ ቺካጎ ውስጥ አስተማሪ ሆና ትሠራ ነበር። ገቢዋን ለመደጎም «ዘ ሰከንድ ሲቲ» በሚባለው የኮሜዲ ቤት አስተናጋጅነት ገባች። ይህ ቤት በ1959 የተከፈተ ሲሆን፣ ያለ ጽሑፍ በቦታው ፈጥሮ የመተወን ጥበብ በአሜሪካ ከሚነገርባቸው ቦታዎች ዋናው ነው። መጠጥ እያመላለሰች መድረኩን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ «ለምን አትሞክሪም?» ተባለች፤ ሞከረች፤ የቡድኑ አባል ሆነች።

በዚህ ዓይነት ትወና ሕጉ ቀላል ነው። ጓደኛህ የሰጠህን ትቀበላለህ፤ የራስህን ትጨምርበታለህ። እሱ «ዝናቡ አይሎብናል» ካለ አንተ «የት አለ ዝናብ?» አትልም። ጃንጥላ ትዘረጋለህ። ኋላ ላይ ዳይሬክተር ስትሆን ከኮሜዲያን ጋር እንደ ልቧ መሥራቷ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጃንጥላ መዘርጋት ታውቃለች።

«ሂል ስትሪት ብሉዝ» ምን ዓይነት ድራማ ነበር?

ስሟ ባልተጠቀሰ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ የፖሊስ ጣቢያ ታሪክ ነው። በኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከ1981 እስከ 1987 ተላለፈ፤ 146 ክፍሎች አሉት። ቀረጻው በአብዛኛው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ጣቢያ ግን ቺካጎ ያለ እውነተኛ የፖሊስ ጣቢያ ነው።

ዛሬ ብታዩት ምን አዲስ ነገር አለው ልትሉ ትችላላችሁ። በጊዜው ግን ሰው ግራ ተጋብቶበት ነበር። ከዚያ በፊት የፖሊስ ድራማ ማለት አንድ ወንጀል፣ አንድ ጀግና፣ በሰዓቱ መጨረሻ ላይ አንድ እስረኛ ነበር። እዚህ ግን ከደርዘን በላይ ቋሚ ገጸ ባህርያት አሉ። አንዱ ሲያወራ ሌላው አፉን ይነጥቀዋል። ካሜራው በእጅ ተይዞ ከሰው ኋላ ኋላ ይሮጣል። ዛሬ የተጀመረ ጉዳይ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያልቃል፤ አንዳንዴም ሳያልቅ ይቀራል። የመጀመሪያው ዓመት ተመልካቹ በጣም ጥቂት ነበር። ሽልማት ሲሰጥ ግን በዚያው ዓመት ብቻ 8 ኤሚ ወሰደ፤ በጠቅላላው 26።

ቤቲ እዚህ ውስጥ ሉሲ ቤትስን ሆና ተጫወተች። ሉሲ ተራ ፖሊስ ሆና ጀምራ ኋላ ሳጅን ትሆናለች። ጠንካራ ናት፤ ግን ጥንካሬዋ አያኮራትም። ብቸኛ ናት፤ ግን አታለቃቅስም። የወንድ መንጋ ውስጥ የምትሠራ ሴት እንዴት እንደምትተነፍስ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ቤቲ ያለ ንግግር ብዙ ትነግረዋለች።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው ያለበት ድራማ ውስጥ ያለ ተዋናይ ቀኑን ሙሉ አይቀረጽም። የእሱ ተራ ሁለት ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ ገጽ ነው። የቀረውን ጊዜ ይጠብቃል። መሪ ተዋናይ ከማለዳ እስከ ማታ ካሜራ ፊት ስለሆነ ምንም አያይም፤ የራሱን ቃል ያጠናል፣ ሜካፕ ይታደስለታል፣ ይመለሳል። ጥግ ላይ ቁጭ ያለው ግን መብራት ሲተከል ያያል። ካሜራው ለምን ከግራ ወደ ቀኝ እንደዞረ ይገባዋል። በየሳምንቱ አዲስ ዳይሬክተር ይመጣል፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ ሰዓት አይበቃውም። ለሰባት ወቅቶች ይህን ማየት፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈለ፣ የትኛው የፊልም ትምህርት ቤት ይሰጣል?

ሽልማቷን መድረክ ላይ ሌላ ሰው ወሰደባት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም በቀጥታ ሥርጭት።

መስከረም 1985 ነው። በተደጋጋሚ ታጭታ ሳይደርሳት ቆይታ የዚያን ዓመት በድራማ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተብላ ስሟ ተጠራ። ከመቀመጫዋ እስክትነሳ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ቀድሞ መድረክ ላይ ወጣ። ቤቲ መገኘት ስላልቻለች እኔ ልቀበልላት ብሎ ዋንጫውን ያዘ። ሰው ሁሉ አመነ። እሷ አዳራሹ ውስጥ ናት!

ሰውዬው ባሪ ብሬመን ይባላል። ሥራው ነጋዴ፣ ሱሱ ደግሞ የማይገባው ቦታ መግባት ነበር። ከዚያ በፊት የቅርጫት ኳስ ማልያ ለብሶ ከኮከቦች ጋር ሜዳ ላይ ሲያሟሙቅ፣ የቤዝቦል ዳኛ መስሎ ሲገባ ታይቷል። ለዚህኛው ታሰረና 175 ዶላር ተቀጣ። ቤቲ ዋንጫዋን ተቀበለች፤ ያ የደስታ ቅጽበት ግን አንዴ አልፏል። አምስት ወቅት ከኋላ ቆሞ የራስን ሰዓት በማያውቁት ሰው መነጠቅ! ድርሰት ውስጥ ብጽፈው «አጋነንክ» ትሉኝ ነበር።

ከትወና ወደ ዳይሬክተርነት እንዴት ተሻገረች?

«ሂል ስትሪት» በ1987 አለቀ። የድራማው ፈጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ ስቲቨን ቦችኮና ማይክል ኮዞል። ቦችኮ ወዲያው «ሁፐርማን» የሚል ሌላ የፖሊስ ታሪክ ይዞ መጣ፤ አጭርና ለቀልድ የቀረበ ነበር። ቤቲ ዳይሬክት ማድረግ የጀመረችው እዚያ ነው። ቀጥሎ ስለ ታዳጊው ዶክተር የሚያወራው «ዱጊ ሃውዘር» መጣ። እሱም የቦችኮ ነው።

ሰንሰለቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ዕድል የሚሰጠው የሚያውቅህ ሰው ነው። ሰባት ወቅት ቃልህን አጥንተህ፣ በሰዓትህ ተገኝተህ፣ ሰው ሳታስቀይም የሠራህ እንደሆነ ለሌላ ሥራ ታስበሃል። ዝምድና ነው ልትሉት ትችላላችሁ። ዝምድናው ግን በሥራ የተገኘ ነው።

አንድ ተዋናይ «እስቲ አንድ ክፍል ዳይሬክት ላድርግ» ቢል ዝም ብሎ ይሰጡታል?

ዝነኛ ከሆነና ድራማው ያለ እሱ የማይቆም ከሆነ፣ አዎ፣ አንዳንዴ ውሉ ውስጥ ያስገቡለታል። እንዲህ ያለውን ክፍል ቡድኑ ተሸክሞት እንደሚያልፍ የቀረጻ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካሜራማኑ ይመራዋል፤ ረዳት ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ይጠብቅለታል፤ በመጨረሻ ስሙ ይጻፍለታል።

የምር የሚፈልገው ግን መጀመሪያ ጥላ ይሆናል። ከሌላ ዳይሬክተር ኋላ ሆኖ ስብሰባውን፣ የቦታ መረጣውን፣ ቀረጻውን፣ ኤዲቲንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከታተላል። ክፍያ የለውም። «ስታር ትሬክ» በሚባለው የጠፈር ድራማ ላይ ይተውን የነበረው ጆናታን ፍሬክስ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓታት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው በ1990 የመጀመሪያ ክፍሉን ያገኘው። በ1996 ሙሉ ፊልሙን ሰጡት።

ሌላም ጣጣ አለ። ለአንድ ክፍል የሚዘጋጀው ያለፈው ክፍል እየተቀረጸ ነው። ተዋናዩ እዚያኛው ውስጥ ብዙ ትዕይንት ካለው መቼ ይዘጋጃል? ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የእሱን ድርሻ ይቀንሱለታል፣ ወይም ወቅቱ ሲጀመር የመጀመሪያውን ክፍል ይሰጡታል። አንድ ገጸ ባህርይ በድንገት «ዘመድ ጥየቃ» ሄዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተመለሰ፣ የክፍሉን ዳይሬክተር ስም እዩ። አንዳንዴ ያው ሰውዬ ነው።

የቴሌቪዥን ዳይሬክተርና የፊልም ዳይሬክተር ያው አይደሉም?

በጣም ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ የቤቱ ባለቤት ነው። በአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ግን እንግዳ ነው። ተዋናዮቹ ገጸ ባህርያቸውን ከእሱ የበለጠ ያውቃሉ። ልብሱ ተመርጧል፤ ቤቱ ተሠርቷል፤ የብርሃኑ መልክ ተወስኗል። የመጨረሻው ቃል ያለው ሾውረነር የሚባለው ዋና ጸሐፊና ፕሮዲውሰር ዘንድ ነው። እንግዳው ለአንድ ሰዓት ድራማ ሳምንት ገደማ ተዘጋጅቶ፣ ስምንት ቀን ገደማ ቀርጾ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ እንግዳ ይመጣል።

በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ለአባላቱ ያስከበረው አንድ መብት አለ። ዳይሬክተሩ ከማንም በፊት የራሱን የኤዲቲንግ ቅንብር ያቀርባል። ልዩነቱን በዚህ ልኩት፤ ለአንድ ሰዓት የቴሌቪዥን ክፍል የሚሰጠው 4 ቀን ነው። ለሲኒማ ፊልም 10 ሳምንት።

ከትወና የመጣ ሰው እዚህ አንድ ብልጫ አለው። እንግድነትን ከሌላው ወገን ያውቀዋል። በየሳምንቱ የማያውቀው ዳይሬክተር መጥቶ ስሙን ሳይጠይቀው «እዚህ ጋ ቁም» ሲለው ኖሯል። ቢያንስ እሱ ስም ይጠይቃል።

በዳይሬክተርነት ኤሚ ያገኘችው በምኑ ነው?

«ድሪም ኦን» በሚባል የኤችቢኦ (የክፍያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው) ኮሜዲ፣ በ1993። ታሪኩ ሚስቱን ስለፈታ የመጽሐፍ አርታኢ ነው። ሰውዬው ልጅ ሆኖ ቴሌቪዥን ፊት ስላደገ፣ አንድ ነገር በተሰማው ቁጥር ከድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቆረጠ ትዕይንት ብልጭ ይላል። ሲፈራ ከድሮ ፊልም የፈራ ሰው ይመጣል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቁራጩ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ሳቁ የለም። ቤቲ ሰዓት ጠባቂነቷን እዚህ አሳየች። የድራማው ፈጣሪዎች ማርታ ካውፍማንና ዴቪድ ክሬን ናቸው፤ ኋላ «ፍሬንድስ»ን የፈጠሩት።

ሲኒማ ላይስ?

የመጀመሪያዋ በ1992 የወጣ ትንሽ የፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ብዙም ሳይወራለት አለፈ። ስሟን ያስጠራው የ1995ቱ «ዘ ብራዲ በንች ሙቪ» ነው። መነሻው ሁሉም አሜሪካዊ በልጅነቱ ያየው የ1970ዎቹ የቤተሰብ ድራማ ነው። እንዲህ ያለ ድራማ ወደ ፊልም ሲመጣ ሁለት መንገድ ነበረ፤ ወይ ማላገጥ፣ ወይ በናፍቆት ማልቀስ። ፊልሙ ሦስተኛ መንገድ ያዘ። ቤተሰቡን በነበረበት አስቀመጠው። ልብሳቸው፣ ጸጉራቸው፣ ጨዋነታቸው የ70ዎቹ ነው፤ ከደጃቸው ውጪ ያለው ሎስ አንጀለስ ግን የ90ዎቹ። ሳቁ ከዚያ ግጭት ይመጣል። ተዋናዮቹ አንድም ጊዜ «ቀልድ ላይ ነን» ብለው ዓይናቸውን አይጠቅሱም። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ46 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

በዓመቱ ለኤችቢኦ «ዘ ሌት ሺፍት»ን ሠራች። ኮሜዲያኖቹ ጄይ ሌኖና ዴቪድ ሌተርማን ለአንድ የማታ ፕሮግራም አቅራቢነት ወንበር ያደረጉት ትግል ነው። በዚህ የዳይሬክተሮች ማኅበርን ሽልማት ወሰደች። እኔን ብትጠይቁኝ ምርጥ ሥራዋ ይሄ ነው። ወንበር ለማግኘት የሚተናነቁ ትልልቅ ሰዎች፣ ሲታዩ ሕፃናት የሚመስሉ። ፊልሙን የምትሰርቀው ግን አስፈሪዋን ማኔጀር የተጫወተችው ካቲ ቤትስ ናት፤ ከሁለቱ ተፋላሚዎች አንዷ ያልሆነች። የቤቲ ፊልም መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በ1997 «ፕራይቬት ፓርትስ» ቀጠለ፤ የሬዲዮ አቅራቢው ሃዋርድ ስተርን ራሱን ሆኖ የተወነበት። እዚያም ያው ነው። ተዋናይ ያልሆነ ሰው መሃል ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በባለሙያዎች አጠረችው። የተናደደውን የሬዲዮ አለቃ የሚጫወተውን ሰው ስሙን ያወቀው ጥቂት ነበር። ፖል ጃማቲ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አወቀው።

«ዶክተር ዱሊትል» ላይ እንስሳቱን እንዴት ነው ያስወሩት?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፤ በተለይ ፊልሙን በልጅነት ካዩት።

አብዛኞቹ እውነተኛ እንስሳት ናቸው፤ አሠልጣኝ አላቸው። የጂም ሄንሰን የአሻንጉሊት ድርጅት የሠራቸው በማሽን የሚንቀሳቀሱም ነበሩበት። አፋቸው ሲንቀሳቀስ የሚታየው ደግሞ በኮምፒውተር ታግዞ ነው። ድምፁ የተጨመረው ለብቻው ነው፤ ውሻውን ኖርም ማክዶናልድ፣ ትንሿን የቤት እንስሳ ክሪስ ሮክ፣ ነብሩን አልበርት ብሩክስ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ኤዲ መርፊ ቀልዱን የሚወረውረው መልስ ለማይሰጥ ውሻ ነው። ምን ዓይነት መልስ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ በጭንቅላቷ መያዝ ያለባት ዳይሬክተሯ ናት። ተሳካላት። ፊልሙ በ1998 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ 294 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ።

የወደቀባት ፊልም የለም?

አለ እንጂ። በ2002 ከዚያው ከኤዲ መርፊ ጋር «አይ ስፓይ»ን ሠራች። ኦወን ዊልሰንም አለበት። ብዙ ገንዘብ ወጣበት፤ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ያስቃሉ፤ መኪና መሮጥ ሲጀምር ግን ፊልሙ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያ በኋላ እስከ ቀጣዩ የሲኒማ ፊልሟ አራት ዓመት ሄደ። በ2006 በዝቅተኛ ወጪ የወጣቶች ኮሜዲ ሠርታ ተመለሰች፤ እሱም ከወጪው ሦስት እጥፍ በላይ አስገባ።

ሪከርድ ሰብራለች የሚባለው በምን ነው?

በዘፋኝ ሽኮኮዎች። ታህሳስ 2009 የወጣው የ«አልቪን» ሁለተኛ ፊልም የእሷ ነው። በዓለም 443 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 219 ሚሊዮን። እስከዚያ ድረስ አንዲት ሴት ብቻዋን ያዘጋጀችው ፊልም አሜሪካ ውስጥ 200 ሚሊዮንን አልፎ አያውቅም ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ነው ካትሪን ቢግሎ በዳይሬክተርነት ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው። የቢግሎ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ያስገባው 17 ሚሊዮን ገደማ ነው። ክብሩ ወደ አንዷ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላዋ። ስለ ቢግሎ መጽሐፍ ተጽፏል። ስለ ሽኮኮዎቹ ዳይሬክተር ስጠይቅ ግን አብዛኛው ሰው «ማን ነበረች?» ይለኛል። ፊልሙን ድንቅ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ልጆች ካልሆናችሁ ሃያ ደቂቃ ይበቃችኋል። ግን ተዋናዮቹ ባዶ ወለል እያዩ ነው የሚጫወቱት። ሽኮኮ የለም። «ዱሊትል» ላይ የለመደችው እዚህ ጠቀማት።

ተዋናይ የነበረ ዳይሬክተር ከሌላው ይሻላል?

ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዱ ትወና ብቻ ያይና ካሜራውን ይረሳል። ፊልሙ የፊት ክምችት ይሆናል፤ ሰው ያለቅሳል፣ ካሜራው ይጠብቃል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ሌላው ደግሞ ተዋናዩን «እንዲህ በለው» እያለ ራሱ ተውኖ ያሳየዋል። ይሄ ለተዋናይ ስድብ ነው። ምን እንደፈለግህ ንገረኝ እንጂ እንዴት እንደምለው አታሳየኝ ይላል።

የጀርባ ረድፍ ተዋናዮች ላይ ግን አንድ ነገር አያለሁ። ትንንሽ ሚናዎችን አይጥሉም። አንድ ቃል ብቻ ያላት አስተናጋጅ ስትገባ፣ ቀኗ እንዴት እንደዋለ ፊቷ ላይ ይነበባል። ምክንያቱም አንድ ቃል ይዞ ስምንት ሰዓት መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

እንደ እሷ የሆኑ ሌሎች አሉ?

ከራሱ ከ«ሂል ስትሪት» ቻርልስ ሄይድ አለ። ሬንኮ የሚባለው ፖሊስ ነው። መጀመሪያ በተጻፈው መሠረት ሬንኮ በመጀመሪያው ክፍል ተተኩሶበት ሊሞት ነበር፤ ኋላ ሐሳብ ተለወጠና እስከ መጨረሻው ኖረ። ሄይድም ዳይሬክተር ሆነ፤ በ«ኢአር» የሐኪሞች ድራማ ላይ በሠራው ክፍል የዳይሬክተሮች ማኅበርን ሽልማት አገኘ።

ሊዮናርድ ኒሞይም አለ፤ የ«ስታር ትሬክ» ሹል ጆሮው ስፖክ። በ1987 ያዘጋጀው የሦስት ወንዶችና የአንድ ሕፃን ኮሜዲ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉም ፊልም በላይ ገቢ አገኘ። ፔኒ ማርሻልም ከቴሌቪዥን ኮሜዲ ተነስታ በ1988 በ«ቢግ» 100 ሚሊዮን ዶላርን አሜሪካ ውስጥ ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ሆናለች። እሷ ግን በድራማዋ መሪ ነበረች፤ መንገዷ ትንሽ ይለያል።

በአማርኛ «ዳይሬክተር» ነው ወይስ «አዘጋጅ»?

ቴአትር ቤት ያደገ ሰው «አዘጋጅ» ይላል። የፊልም ሰው «ዳይሬክተር»። ችግሩ «አዘጋጅ» የሬዲዮ ፕሮግራም ለሚያሰናዳውም፣ ለጋዜጣውም፣ ለሠርግ ዝግጅቱም ያገለግላል። እኔ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ እጽፋለሁ። ነገሩ ራሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተስፋዬ ገሠሠን አስታውሱ፤ ተዋናይም፣ ጸሐፌ ተውኔትም፣ አዘጋጅም ነበሩ። እሳቸውን አንቱ ማለት አፌ ላይ መጣ፤ አያችሁ?

ከየት ልጀምር?

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ «ዶክተር ዱሊትል»። ብቻችሁን ከሆናችሁ «ዘ ሌት ሺፍት»። የጊዜ ሀብታም ከሆናችሁ «ሂል ስትሪት»ን ከመጀመሪያው ክፍል ያዙ። ከሞላ ጎደል ሁሌም በጠዋት የተረኞች ስብሰባ ይጀምራል፤ ሳጅኑ ፊት ለፊት ቆሞ ያነባል፣ ፖሊሶቹ ቡና ይዘው ያጉረመርማሉ። የሚናገረውን ተዉት። ከፖሊሶቹ መካከል ረጅሟን ሴት ፈልጉ።